የማይራገጠው ምንሽር

ደሙን መጀመሪያ ላይ ያየ ሰው የለም። ደረሰ የወደቀው በርበሬ ላይ ነበራ!

ከቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ለፀሐይ የተሰጣ በርበሬ ነው። ቀይ በቀይ ላይ ምን ይለያል? እኩለ ቀን ላይ አንድ ጥይት ጮኸ። ደረሰ በርበሬ የሚያገላብጥበትን እንጨት እንደያዘ በደረቱ ተደፋ። ድምፁን የሰማ ሁሉ ከሥራው ቀና እንኳ አላለም። ጥምቀት ቀርቧል። በሾላ ሜዳ የቃና ዘገሊላ ዕለት ኢላማ ይተኮሳል፤ ከዚያ በፊት ጎበዙ ሁሉ ገደል እየወረደ ይለማመዳል። ታዲያ ለአንድ ጥይት ማን ይደንግጥ!

ሚስቱ ያምሮት ምሳውን ይዛ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ በርበሬ ላይ ይተኛል እንዴ?»

ጎንበስ ብላ ነካ አደረገችው። እጇ ረጠበ። ጩኸቷ ወንዝ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ሾላ ሜዳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ በስተግራ የምትገኝ መንደር ናት። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ሰው ሁሉ ፈርዶ ጨርሶ ነበር። የሾላ ሜዳ ሰው ለመፍረድ ዳኛ አይጠብቅም። አመሉ ነው፤ ምን ይደረግ።

«ምናለ ነው!» አለ አንዱ።

«ሌላ ማን ይሆናል? ሲቀና ኖሮ ሲቀና ኖሮ፣ ይኸው ወጣለት!»

ኢንስፔክተር እስከዳር ከመኪናው ወርዳ ሰዉን በዓይኗ ዞረችው። አጭር፣ ጠይም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ሰው ከእሷ ቀድሞ ሲፈርድ ደሟ ይፈላል። አብሯት የመጣው ሳጅን ናሁሰናይ ግን የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ችኩል ነው፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ ይወዳል።

«ምናለ ማነው?» አለች።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ነገሯት። ምናለ የያምሮት የድሮ እጮኛ ነው። የልጅቷ አባት አያ ገብረሰንበት ግን ሐሳባቸውን ቀይረው ለደረሰ ዳሯት። ምክንያት? ደረሰ ተኳሽ ነዋ! ከጉብታ ጉብታ ቅል ይሰብራል። አያ ገብረሰንበት ደግሞ ከተኳሽ ሌላ ሰው የሚባል የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውንም ሰጡት፣ ከአባታቸው የወረሱትን ምንሽር ጠመንጃም ደረቡለት። ምናለ ሚስት ሳያገባ ቀረ። መንደሩም «ይህ ልጅ አንድ ቀን ጉድ ያፈላል» እያለ ጠበቀ።

ጥይቱ የገባው በደረት ነው። እስከዳር ከሬሳው ፊት ለፊት ቀና ብላ አየች። ከገደሉ ማዶ አንድ ጉብታ አለ። ወርዳ፣ ወጥታ፣ ላቧን እየጠረገች ደረሰች። ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ሣሩ ተደፍቷል። አንድ ቀለሃም ወድቋል።

«ምንሽር ነው» አለ ናሁሰናይ። «ከዚህ እስከዚያ? ኧረ ይሄ ሰውዬ ዓይን አለው!»

የአያ ገብረሰንበት ምንሽር በደረሰ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። እስከዳር አፈሙዙን አሸተተችው። የባሩዱ ሽታ ገና አልለቀቀም። ሰው ሁሉ ወደ በርበሬው ሲሮጥ ቤቱ ወና ነበር፤ ማንም ገብቶ ሊመልሰው ይችላል።

አያ ገብረሰንበት በዘንጋቸው ተደግፈው ቀረቡ። ዓይናቸው አብጧል።

«ልጄ፣ ሰው አትፈልጊ» አሉ። «ትከሻ ፈልጊ።»

«እንዴት ማለት አያ?»

«ምንሽር ሩቅ ያለውን ይገድላል፤ የተኮሰውን ደግሞ ይረግጣል። ርግጫውን ዓለም ያውቀዋል፤ ጎበዙ እንደሚለማመድበት ክላሽ አይደለም። አንድ ጥይት የተኮሰ ሰው ትከሻው ሳይጠቁር አያድርም። ዛሬ የተኮሰ ዛሬ ይታወቃል።»

«ጨርቅ ቢደርብበትስ?»

ሽማግሌው አልቅሰው ባይደክሙ ኖሮ በሳቁባት። ከኋላቸው ያሉት ወንዶች ግን ተያዩ።

«በሾላ ሜዳ?» አሉ ሽማግሌው። «ሰደፍ ፈርቶ ትከሻው ላይ ጨርቅ የሚያኖር ወንድ? ‹ትራስ ይዞ ኢላማ የወጣ› ተብሎ ልጁ ሚስት አያገኝም። እንዲህ ያለ ወንድ እዚህ አልተወለደም።»

እስከዳር አመነቻቸው። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን እያወለቁ ተሰለፉ። እዚህ ላይ አንድ ባጃጅ ከመንገዱ እየተንጫጫ መጣ። የያምሮት ወንድም አዛናው ነው፤ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። መርዶውን ሰምቶ መምጣቱ ነው። ገና ሳይወርድ «ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ደቃ። ማንም ሳይጠይቀው ሸሚዙን ቀደደው።

«እኔንም እዩኝ! ሁላችንንም እዩን! ማንም እንዳይቀር!»

ትከሻው ንጹሕ ነው። የአያ ገብረሰንበትም ንጹሕ ነው። የሁሉም ንጹሕ ሆነ። በመጨረሻ ምናለ ቀረ።

«አላወልቅም» አለ።

ናሁሰናይ ሁለት ጊዜ አልጠየቀውም። ሸሚዙን ከላዩ ላይ ሳበው። ቀኝ ትከሻው ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ጥቁረት ነበር።

«ይኸው!» አለ ሰው ሁሉ። አንዲት ሴትዮ ድንጋይ አነሣች።

እስከዳር መሐል ገባች።

«ትከሻህን ምን መታህ?»

«ምንሽር።»

«የማን ምንሽር?»

«የደረሰ።»

«መቼ?»

«እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ራሱ ነው ያስተኮሰኝ።»

«ያየ ሰው አለ?»

«የለም። አያ ገብረሰንበት መሣሪያቸው በባዳ እጅ መግባቱን ከሰሙ ይቆጣሉ ብሎ፣ ገደል ወርደን ነው የተኮስነው።»

«እጮኛህን የወሰደብህ ሰው ደግሞ ጠመንጃ ያስተኩስሃል?»

ምናለ ወደ ሰዉ ዞረ። «የድሮ ነው እሱ። ቀንቼ ነበር፤ አልዋሽም። እንቅልፍ አጥቼም ነበር። በኋላ ግን እሱ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ ‹እባክህ እንታረቅ› አለኝ። እንደሱ ያለ ሰው የት አለ? እናንተ ስትጠሉኝ እሱ ነበር የሚያበላኝ!»

ማንም አላመነውም። ናሁሰናይ ካቴናውን አጠለቀለት። እስከዳር ግን ትከሻውን ደግማ አየችው። የጥቁረቱ ዳር ዳር ወደ ቢጫ ሄዷል። የዛሬ ምት ዛሬ ቢጫ አይሆንም። ይህን ለናሁሰናይ መኪና ውስጥ ነገረችው።

«ኢንስፔክተር፣ ኬዙ እኮ ተዘግቷል» አላት። «ቅናት አለ፣ ትከሻ አለ። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

እሷ ግን አልተዋጠላትም። ምናለ ካልሆነ ማን ይሆናል? የሌላው ሁሉ ትከሻ ንጹሕ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የምናለ እናት እናኑ ፖሊስ ጣቢያ መጡ። ከሾላ ሜዳ ጀምሮ በእግራቸው ነው የመጡት። ወንበር ሲሰጣቸው አልቀመጥ አሉ።

«አንዱን ልጄን እናንተ ወሰዳችሁት» አሉ። «ሁለተኛውን አዛናው ሊወስድብኝ ነው።»

«ሁለተኛው ማነው እናቴ?»

«ፍጹም። ሊበን ከተማ ያስተምራል። የወንድሙን መታሰር ሰምቶ ልምጣ ይላል። ከመጣ አለቀለት። አዛናው ትናንት ጠላ ቤት ምሎ ተነሥቷል፤ ‹ምናለ ቢታሰር ወንድም አለው› ብሎ። ልጄ፣ የእኛን አገር ደም ታውቂው የለ? ገዳዩ ከታሰረ፣ ከቤቱ ደህናው ይመረጣል።»

«ጠባቂ ፖሊስ እመድባለሁ።»

«ስንት ዓመት ይጠብቁታል? ደም አያረጅም።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ምናለ አልገደለም። እናቱ ስለሆንኩ አይደለም። ትናንት ረቡዕ ሲለቀስ እኮ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ራሱን ስቶ የወደቀው እሱ ነበር፤ ማን አየለት? ገዳዩን ካላገኘሽልኝ ሁለቱንም ነው የምቀብራቸው።»

እስከዳር እጃቸውን ያዘች። ቃል ልትገባላቸው ፈለገች፤ አልደፈረችም።

በዚያው ቀን ደረሰ ተቀበረ። ሬሳው ከምርመራ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲገባ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ጠበቀው። የደረሰ ምንሽር ጣቢያ ስለተወሰደ አንድ የአጥቢያው ሽማግሌ የራሳቸውን ምንሽር አምጥተዋል፤ ተኳሽ ያለ ጥይት አይቀበርማ! እስከዳር ልትከለክል አስባ ተወችው። በዚያ ሰዓት የሚሰማትም አልነበረም።

አልቃሿ አደይ ድምፅዋን አነሣች።

«ከጉብታ ጉብታ ቅሉን የሚለቅመው፣
ምንሽር ቢራገጥ ፍንክች የማይለው፣
ደረሴ ተነሣ ምነው ዝም አልህ፣
በርበሬህ ሳይደርቅ ወዴት ትሄዳለህ።»

ሰው በእንባ ታጠበ። አያ ገብረሰንበት «የኔ አንበሳ! የኔ አንበሳ!» እያሉ መሬት መቱ። እስከዳር ግን አዛናውን ታይ ነበር። አላለቀሰም። ግጥሙ በወረደ ቁጥር መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ ከአባቱ ላይ አልተነሣም። የሐዘን ፊት ብዙ ዓይነት ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነው፣ አለች በልቧ።

ድንገት ሰዉን ጥሶ ወጣ። ምንሽሩን ከሽማግሌው እጅ ነጠቀ። በዚያ ፀሐይ ወፍራም ኮቱን አላወለቀም። አንድ ጊዜ ተኮሰ። ደገመ። ሠለሰ። ሰደፉ ትከሻውን ሲመታው ንቅንቅ አላለም።

«የደረሰን ደም ከእናኑ ቤት እወስዳለሁ!» ብሎ ፎከረ።

ሴቶቹ እልል ማለት ቃጣቸው። ከወንዶቹ መሐል አንዱ ለጎረቤቱ «ዛሬ ገና ወንድ ሆነ!» ሲል እስከዳር ሰማችው።

ከቀብር በኋላ አያ ገብረሰንበትን ጥግ ይዛ ጠየቀች።

«አያ፣ ‹ዛሬ ገና ወንድ ሆነ› ማለታቸው ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ይዘው ሊሄዱ ተነሡ።

«ተይው እሱን።»

«ይንገሩኝ።»

«በያምሮት ሠርግ ቀን ነው። አዛናው ምንሽሬን አንሥቶ ቅል ልምታ አለ። ገና ልጅ እግር ነበር። ረገጠው! በጀርባው ሄዶ የጠላውን ጋን ሰብሮ ተዘረረ። ሚዜው ሳቀ፣ ሙሽራዋም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጠመንጃውን ከመሬት ያነሣው ደረሰ ነው። ተኮሰ፤ ቅሉን ብትንትኑን አወጣው። እኔም ‹እንካ፣ ያንተ ነው፤ ለወንድ የሚገባው ላንተ ነው› ብዬ ሰጠሁት።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

«ከዚያ ወዲህ አዛናው ምንሽር ነክቶ ያውቃል?»

«ሲያየው እንኳ ፊቱን ያዞራል። ለዚያ ነው ዛሬ ሁላችን የደነቀን። ለደረሰ ብሎ ፍርሃቱን ጣለው። ልጄ ነው በቃ።»

እስከዳርና ናሁሰናይ በመኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሱ። ከጋሪዎቹና ከባጃጆቹ መሐል ሲገቡ ናሁሰናይን ጠየቀችው።

«ምንሽር የተኮሰ ሁሉ ትከሻው ይጠቁራል። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

«አዛናው ዛሬ አገር እያየ ሦስት ጊዜ ተኩሷል። ነገ ትከሻው ምን ይሆናል?»

«ይጠቁራላ!»

«ካልጠቆረስ?»

ናሁሰናይ መሪውን እንደያዘ ዞሮ አያት። የጋሪ ፈረስ ሊገጭ ለጥቂት ዳነ።

በሣልስቱ ዕለት ሐዘንተኛው በደረሰ ደጅ በተጣለው ዳስ ተሰብስቧል። አያ ገብረሰንበት ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀምጠዋል። እስከዳር አዛናውን ወደ ጓሮ ጠራችው። ኮቱን ለብሷል።

«አውልቅ።»

«ምን?»

«ኮትህን። ሸሚዝህንም።»

«ረቡዕ አይታችሁኝ የለ እንዴ ኢንስፔክተር? እርስዎም ቆመው ነበር።»

«ደግሜ ልይ።»

እየተነጫነጨ አወለቀ። ትከሻው እንደ ሕፃን ገላ ለስላሳ ነው። አንዲት ነጠብጣብ እንኳ የለችም።

«ትናንት ሦስት ጊዜ ተኩሰሃል» አለች። «ርግጫው የት ገባ?»

ናሁሰናይ ኮቱን ከእጁ ወሰደ። በቀኝ በኩል ከበድ ይላል። ገበሩን ሲተረትረው መጀመሪያ የባጃጅ ወንበር ስፖንጅ ወጣ። ከሥሩ የጎማ ከመነዳሪ፣ ተደራርቦ በጥንቃቄ ተሰፍቷል።

የአዛናው ጆሮ ሳይቀር ቀላ።

«ቀስ በሉ!» አለ ወደ ዳሱ እየተገላመጠ። «ሰው ይሰማል!»

ለነፍሱ አይደለም የፈራው። ‹ትራስ ይዞ ኢላማ የወጣ› እንዳይባል ነው። አይ የሾላ ሜዳ ልጅ!

«ትከሻ ላይ ስፖንጅ ማድረግ ወንጀል ነው?» አለ ቀጥሎ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ለጥምቀት ብዬ ነው ያሰፋሁት። መሳቂያ መሆን ሰለቸኝ። በቃ።» አንቱታው ቀርቷል።

«መቼ ተለማመድክበት?»

«አልተለማመድኩም።»

«ትናንት ንቅንቅ አላልክም። ምንሽር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንዲያ አይቆምም። ጠመንጃ ከየት አገኘህ?»

እስከዳር ናሁሰናይን ከእሱ ጋር ትታ፣ ኮቱን በክንዷ ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ያምሮት ከሴቶቹ መሐል በጥቁር ልብስ ተቀምጣለች። ፊቷን ነጭታዋለች። እስከዳር አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ኮቱን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«እጅሽን አስገቢ።»

ያምሮት ስፖንጁን ዳበሰችው። «ምንድን ነው እሱ?»

«የምንሽርን ርግጫ የሚቀንስ ነው። ይህን የለበሰ ሰው ቢተኩስም ትከሻው አይጠቁርም። ወንድምሽ ትናንት ተኩሷል፤ ዛሬ ንጹሕ ነው።»

ያምሮት እጇን ከኮቱ ውስጥ አላወጣችም።

«ረቡዕም ንጹሕ ነበር» አለች በቀስታ።

«ነበር።»

«እኔ እኮ... እኔ እኮ በትከሻው ነው ያመንኩት!»

«ምኑን ነው ያመንሽው?»

«ጠመንጃውን ከመለሰው በኋላ ነው ብዬ! እሱ መልሶት ሄዷል፤ ምናለ ከዚያ በኋላ ገብቶ ወሰደው ብዬ! ጠመንጃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ‹እህቴ፣ ለጥምቀት ልለማመድ፤ ደረሰ ከሰማ ይስቅብኛል፣ አባቴም ይስቅብኛል› ብሎ ሲለምነኝ አሳዘነኝ። በሠርጌ ቀን ስቄበታለሁ። ያ ነገር አንጀቴን ሲበላኝ ኖሯል። ደረሰ ማሳ ሲሄድ ለእሱ እያወረድኩ እሰጠዋለሁ፤ ሳይመሽ ይመልሰዋል። ረቡዕ ጠዋትም መጣ። ሰጠሁት።»

«ጥይት ስትሰሚስ?»

«‹ወንድሜ እየተለማመደ ነው› አልኩ። ወጥ እያማሰልኩ... ደስ ብሎኝ ነበር።»

ተነሣች። ነጠላዋ ወደቀ። ኮቱን እንደ ሬሳ ታቅፋ ወደ ጓሮ ስትሮጥ ሐዘንተኛው ግር ብሎ ተከተላት።

«አዛናው! መለስኩት አላልከኝም?»

«ያምሮት፣ ዝም በይ።»

«መልሼው ነው የሄድኩት አላልከኝም? በማርያም ምለህልኝ የለም?»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

«በእኔ እጅ! ደረሴን በእኔ እጅ ገደልከው!»

ኮቱን ፊቱ ላይ ወረወረችው። ስፖንጁ ወጥቶ ሰው እግር ሥር ወደቀ። ከወንዶቹ አንዱ አንሥቶ ጨመቅ አድርጎ አየው፤ ምን እንደሆነ ሲገባው እጁን አራገፈ። አያ ገብረሰንበት ዘንጋቸው ከእጃቸው አመለጠ። ናሁሰናይ በዚህ ጊዜ ማንንም ሳይጠይቅ ካቴናውን አውጥቶ ነበር።

ጣቢያ ሲደርሱ አዛናው ሌላ ሰው ሆነ። ተረጋጋ። ሁሉን ካደ።

«እህቴ በሐዘን ነው የምትቀባጥረው። ጠመንጃውን መልሼ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ምናለ ይሆናል የወሰደው።»

«ባጃጅህን የት አቁመህ ነበር?»

«ከተማ።»

«ማን ጫንክ?»

«አላስታውስም።»

እስከዳር ወንበሯን ወደኋላ ገፋ አደረገች። ይህን ሰው ሦስት ቀን አይታዋለች። የሚያቃጥለው ምን እንደሆነ አሁን ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ምናለ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ ነው» አለች።

አዛናው ቀና አለ።

«ከዚያ ጉብታ ሰው መምታት የዋዛ አይደለም። በአንድ ጥይት! አንተ ደግሞ ስፖንጅ ለብሰህ ወደ ሰማይ ነው የተኮስከው። ምናለን ግን ደረሰ ራሱ ሲያስተምረው ነበር። አባትህም ‹እንዲህ የሚመታ ደረሰ ያስተማረው ብቻ ነው› ብለውኛል።»

ይህን የመጨረሻውን ዋሽታለች። አያ ገብረሰንበት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከመጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ምናለ?» አለ አዛናው።

«አዎ።»

«ምናለ! ምናለ የተጋደመ በሬ አይመታም!»

«ከአንተ ይሻላል።»

«ማን ነው የሚሻለው?» ጠረጴዛውን በካቴናው መታው። «ያንን ገደል አይተሽዋል? ነፋሱን ታውቂዋለሽ? እኔ ነኝ! አንድ ጥይት ነው የተኮስኩት፤ አንድ! ያ ጥይት የምናለ አይባልም! ሁሉን ነገር ለሌላ ሰው ስትሰጡ ኖራችሁ፤ ይቺን ግን አልሰጥም!»

ናሁሰናይ ቃሉን መዝገብ ላይ አሰፈረ።

«ለምን?» አለችው።

«ለምን? ባባቴ ቤት እንግዳ ሆኜ ነዋ!» ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ከብት ገዛሁ ስለው ‹የደረሰን በሬ አየኸው?› ባጃጅ ያዝኩ ስለው ‹ደረሰ በእግሩ ቡሬ ደርሶ ይመለሳል።› ያባቶቼ ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ በሄድኩ ቁጥር ያየኛል። ኢላማ ለምጄ በቃና ዘገሊላ ልበልጠው ነበር ሐሳቤ። እምልልሻለሁ፣ መግደል አልነበረም። ረቡዕ ከዚያ ጉብታ ሆኜ ቁልቁል ሳየው በርበሬውን እያገላበጠ ይዘፍናል። አጠገቡ አባቴ ተቀምጦ ይስቃል። እንዲያ ሲስቅ ከእኔ ጋር አይቼው አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ተነሥቶ ሄደ። እኔ ግን ሳቁ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።»

ቀሪውን ሳይጠየቅ ተናገረ። ባጃጁን ከአስፋልቱ ዳር ባሕር ዛፍ ውስጥ ደብቆ ነበር። ሰው ሲሮጥ ጠመንጃውን መልሶ ሰቀለ። ኮቱን ባጃጁ ውስጥ ወርውሮ፣ ከከተማ የመጣ መስሎ ዞሮ ተመለሰ።

«ፍጹምንስ ትገድለው ነበር?»

«ሰው ሁሉ ይጠብቀኝ ነበራ» አለ። «አባቴም።»

ምናለ በዚያው ከሰዓት ተፈታ። እናኑ በሩ ላይ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፤ እጃቸው ከሸሚዙ ላይ አልለቅ አለ። ፍጹምም ከሊበን ደርሶ አጠገባቸው ቆሟል። ምናለ ግን አልሳቀም፤ «ቀብሩ አለፈኝ» ብቻ አለ። ሦስቱም ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በቀጥታ ሾላ ሜዳ ሐዘን ቤት ገቡ። ያምሮት ምናለን ስታይ ተነሥታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት፤ ተያይዘው አለቀሱ። በዚያ ቀን ስለ ቅናት ያወራ ሰው በመንደሩ አልነበረም፤ አፍረው ነው።

አያ ገብረሰንበት ከኮሪደሩ የተነሡት ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። ልጃቸው ወደ ማረፊያ ክፍል ከመወሰዱ በፊት ለማየት ጠየቁ። እስከዳር አስገባቻቸው። በሩ አጠገብ ቆሙ። አልቀረቡም።

አዛናው ብድግ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት አይደለም፤ ጸጸትም አይደለም። እስከዳር ያየችውን ማመን አቃታት። ልጁ ጉጉት ይዞታል።

«አባዬ» አለ። «ጉብታውን አየኸው? ከየት እንደሆነ ነግረውሃል? ከዚያ ነው እኮ። በአንድ ጥይት።»

የሽማግሌው እንባ ጺማቸው ውስጥ ገባ።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ። «ደረሰም ከዚያ አይስተውም ነበር። ግን አይተኩሰውም ነበር።»

አዛናው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና በታሰሩ እጆቹ ጆሮውን ለመድፈን ታገለ።

«አሁንም ደረሰ!» ብሎ ጮኸ። «ሞቶም ደረሰ!»

አያ ገብረሰንበት ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።